የመቶ አሥር ደቂቃው ስሌት

ከሳክሲ፣ ቴክሳስ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ ከእናቴ አፍ ያልሰማሁበት ሳምንት አልነበረም። በመስከረም 2025 ይኸው ተረት በራሷ ላይ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቸኮልኩት እኔ፣ ያፈሰስኩትም እኔ፤ የለቀመችው ግን እሷ ናት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ነገሩ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እናት አባቱን ከአገር ቤት የሚያስመጣ ሁሉ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ይመስለኛል።

እናቴ የ71 ዓመት ሴት ናት። ኑሮዋ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ከዚያ በፊት አውሮፕላን የተሳፈረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን አብዛኛውን የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻና የሦስት ወር ዕድሜ ያለው እንዲሆን ወሰነ። የእሷም ቪዛ እንዲህ ያለው ነው። «ዘንድሮ ባይሳካ ለከርሞ ትመጣለች» የሚባልበት ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ለመስቀል እንድትደርስልን ብዬ በጥድፊያ ቲኬት ፍለጋ ገባሁ።

ሥራዬ ምህንድስና ነው። ጀርመን አገር ተምሬ ዛሬ ሪቻርድሰን ውስጥ በቴሌኮም ሙያ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የማሰላው ነገር ቢኖር መዘግየት ነው፤ መልእክት ከአንድ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር የት ላይ ወረፋ ይይዛል፣ ስንት ይጠብቃል፣ መቼ ይጠፋል የሚለውን። እንዲህ ያለ ሰው ለእናቱ የሚቆርጠው ቲኬት እንከን የለውም ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ገምቼ ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ አንዲት የምሥራቅ አሜሪካ ከተማ አንድ ቲኬት፣ ከዚያ እስከ ዳላስ ደግሞ ከሌላ አየር መንገድ ሌላ ቲኬት ገዛሁ። በአንድነት ከሚሸጠው ቲኬት 180 ዶላር ይረክሳል። በሁለቱ በረራዎች መካከል 110 ደቂቃ አለ። የአገር ውስጥ በረራ በሩን የሚዘጋው ከመነሻው 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ስለሆነ 95 ደቂቃ ይቀራታል ብዬ አሰብኩ። በቂ ነው አልኩ።

በዚያ ምሽት ሰባት ኪሎ አበባ ይዤ፣ ልጆቼን ነጠላ አልብሼ አየር ማረፊያ ቆምኩ። አውሮፕላኑ መጣ፤ ሰዉ ወጣ፤ እናቴ የለችም።

የተሳሳትኩት ቁጥር

በኋላ ከእሷ አፍና ከስልኬ መዝገብ አሰባስቤ የሆነውን ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈርኩት። አውሮፕላኑ 20 ደቂቃ ዘግይቶ አረፈ። መሬት ላይ ተንቀሳቅሶ በሩ እስኪከፈት 15 ደቂቃ፤ በኮሪደሩ ለመሄድ 10 ደቂቃ፤ የፓስፖርት ወረፋ 50 ደቂቃ፤ ሻንጣ አንሥቶ የምግብ ፍተሻውን ለመጨረስ 25 ደቂቃ። ድምሩ 120 ነው። ሁለተኛው በረራ ከተነሣ 10 ደቂቃ አልፎት ነበር።

«እንግዲያውስ ጥፋቱ የዘገየው አውሮፕላን ነው» ትሉኛላችሁ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ወደ ሥሩ ስወርድ የባሰ ነገር አገኘሁ። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ባረፈበት ከተማ ሻንጣውን አንሥቶ በጉምሩክ ማለፍ አለበት፤ ቀጣይ በረራ ቢኖረውም ያው ነው። ቲኬቱ አንድ ከሆነ ከጉምሩኩ መውጫ ላይ ሻንጣውን መልሶ ያስረክባል፤ መድረሻው ተጽፎበታልና። ቲኬቱ ሁለት ከሆነ ግን እንደ አዲስ መንገደኛ ወደ ሁለተኛው አየር መንገድ ባንኮኒ ሄዶ መመዝገብ አለበት። አብዛኞቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ደግሞ በአገር ውስጥ በረራ ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት ከመነሻው 45 ደቂቃ በፊት ነው።

ስለዚህ ከ110 ላይ መቀነስ የነበረብኝ 15 ሳይሆን 45 ነው። እናቴ የነበራት 95 ደቂቃ ሳይሆን 65 ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢያርፍ፣ የምግብ ፍተሻውም ባይኖር እንኳ 75 ደቂቃ ያስፈልጋት ነበር። ያ ቲኬት ገና ስገዛው የተበላሸ ነበር። አየር መንገዱንም፣ አየር ማረፊያውንም የምወቅስበት ምክንያት አጣሁ።

አየር መንገዶች ለየአየር ማረፊያው «ዝቅተኛ የመሸጋገሪያ ጊዜ» የሚሉት ልክ አላቸው። በአንድ ቲኬት ስንገዛ ኮምፒዩተሩ ከዚያ ልክ በታች አይሸጥልንም። በሁለት ቲኬት ስንገዛ ግን ይህን የሚቆጣጠር የለም፤ ተቆጣጣሪው እኛው ነን። ልኩ ራሱም ቢሆን ፈጣን እግር ላለው፣ ምልክት ለሚያነብ መንገደኛ የወጣ ነው፤ ሰባ ዓመት የሞላት፣ በሌሊት ጉዞ የደከመች እናት በልኩ ውስጥ የለችም።

ቋንጣውና በርበሬው

ያ 25 ደቂቃ የሻንጣና የምግብ ፍተሻ የእኛው ልዩ ጣጣ ነው። እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ልብስ ስንት ነው? በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ ቡናው፣ ድርቆሹ ነው የሚበዛው። የአሜሪካ ሕግ ማንኛውም ምግብ እንዲነገር ያዛል። ሲነገር መንገደኛው ወደ ግብርና ፍተሻ ይላካል፤ ሻንጣው ይከፈታል። አብዛኛው ደረቅ እህልና ቅመም አልፎ ይሄዳል፤ ሥጋ ግን አያልፍም፤ ቋንጣም ሥጋ ነው።

እናቴ ቋንጣ ይዛ ነበር። ያስያዛትም የእኔ ምላስ ነው፤ ሐምሌ ላይ በስልክ «የአንቺ ቋንጣ ፍርፍር ናፈቀኝ» ብያት ነበር። ፖሊሱ በስልክ አስተርጓሚ ሲጠይቃት እያንዳንዱን ፌስታል በስሙ ጠራችለት። ቋንጣው ተወሰደ፤ ስለተናገረች ግን አልተቀጣችም። ብትደብቅ ኖሮ ቅጣቱ የቋንጣውን ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ለዘመድ «ዝም ብለሽ እለፊ» ብሎ የሚመክር ካለ ይህን ምክሩን ይተው። ፍተሻው እንደሚኖር አውቆ ጊዜውን አስቀድሞ መቁጠር ነው የሚሻለው።

ዊልቸሩ

ቀድሞ ወዳጆቼ «ዊልቸር ጠይቅላት» ብለውኝ ነበር። እናቴን ሳማክራት «እግር እያለኝ በሰው ልገፋ? ነውር ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሳለማለች። እኔም መዋሸት መሰለኝና ተውኩት።

ስንቶቻችን ነን መራመድ ለሚችሉ ወላጆቻችን ዊልቸር የምንጠይቀው? ምክንያቱ የእግር ድካም እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንፈልገው መንገድ የሚያሳይ ሰው ነው። ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛ በሩንም፣ ወረፋውንም፣ ባቡሩንም ያውቃል። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግና ደንቦቹ አየር መንገዶች አካል ጉዳት ላለበት መንገደኛ ያለክፍያ እንዲረዱ ያስገድዳሉ። ቋንቋ ለማያውቅ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ሰው ሕጉ የሚሰጠውን ይጠይቃል፤ የሚያስፈልገውን የሚሰጥ ሕግ ባይኖር በሌላው በር ይገባል። ጉዳቱ ግን አለ፤ ወንበሩ ሲያንስ ቆሞ መሄድ የማይችለው ሰው አውሮፕላኑ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እኔ አሁን የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ተጉዛ እግሯ ያበጠ የ71 ዓመት ሴት አንድ ሰዓት ቆማ ወረፋ መጠበቅ አትችልም፤ ለእሷ ዊልቸር መጠየቅ ውሸት አይደለም፤ ነውሩም የእሷ አይደለም። ጤነኛና ጎልማሳ ሆኖ ቋንቋው ብቻ ለሚያስፈራው ግን ለአየር መንገዱ ደውሎ «መንገድ የሚያሳይ ሰው» እንዲመደብለት መጠየቅ ይሻላል። ሁሉም አይሰጡም፤ አንዳንዶቹ ግን ይሰጣሉ።

ለማንኛውም እናቴን ያገኛት ዊልቸር የሚገፋ ሰው ነው። ነጠላዋን አይታ የቀረበቻት የእኛው ልጅ፣ የአየር ማረፊያው ሠራተኛ ናት። ስልኬ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ። «እማማ፣ ልጅዎ ነው፤ ይናገሩ» ስትል ከሩቅ ሰማሁ። እናቴ «ልጄ፣ አትጨነቅ፤ ሰው አግኝቻለሁ» አለችኝ። ልጅቷ ሥራዋ ካበቃ በኋላ ሁለት ሰዓት አብራት ተቀመጠች፤ ሻይ ገዛችላት፤ ጋቢዋን አውጥታ አለበሰቻት። እናቴ ሌሊቱን ወንበር ላይ አደረች። በማግሥቱ 320 ዶላር ከፍዬ አዲስ ቲኬት ገዛሁ። 180 ዶላር ያተረፈው መሐንዲስ እንግዲህ ይህ ነው።

መብቱስ የማን ነው?

በአንድ ቲኬት የሚጓዝ ሰው የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠው አየር መንገዱ በሚቀጥለው በረራ ይልከዋል። በሁለት ቲኬት የሚጓዝ ግን ለሁለተኛው አየር መንገድ «ያልቀረበ መንገደኛ» ነው፤ ቲኬቱ ይቃጠላል።

አውሮፓ ውስጥ በ2004 የወጣው ደንብ በመዘግየትና በመሰረዝ ለሚጎዳ መንገደኛ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሣ ይፈቅዳል። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መዘግየቱ የሚለካው በመጨረሻው መድረሻ እንደሆነ ወሰነ፤ መሸጋገሪያ ያመለጠው መንገደኛ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ ይካሣል ማለት ነው። አሜሪካ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። በታኅሣሥ 2024 የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ካሣ ስለማስከፈል ሐሳብ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ በ2025 ግን ተወው። የቀረው በ2024 የወጣው የገንዘብ ተመላሽ ደንብ ነው፤ በረራው ተሰርዞ ወይም በብዙ ሰዓት ተለውጦ «አልጓዝም» ላለ ሰው ገንዘቡ ይመለሳል። ወንበር ላይ ላደረች እናት ግን ይህ አይጠቅማትም፤ እሷ የምትፈልገው መድረስ ነው።

በፍራንክፈርት ወይም በሌላ የሸንገን አገር በኩል ለምታልፉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአየር ማረፊያው ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን ነጻ ነው። ነጻነቱ ግን ከመሸጋገሪያው ክልል ሳይወጡ ለማለፍ ነው። በሁለት ቲኬት ሄዶ ሻንጣ ለማንሣት የሚወጣ ሰው መደበኛ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ያ ከሌለው ጉዞው ፍራንክፈርት ሳይደርስ ቦሌ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ማን ይቅደም?

በሐምሌ 2025 እዚሁ ደጃችን፣ በዳላስ ፎርት ወርዝ አየር ማረፊያ፣ አንድ አዲስ አሠራር ተጀመረ። ከለንደን ሂትሮው በአሜሪካን ኤርላይንስ መጥተው ወደ ሌላ ከተማ የሚያልፉ መንገደኞች ሻንጣ ማንሣትና እንደገና መፈተሽ ቀረላቸው፤ ሻንጣው በቀጥታ ወደ ቀጣዩ አውሮፕላን ይሄዳል። ኮንግረስ በ2022 መጨረሻ በፈቀደው የሙከራ ሕግ መሠረት የተደረገ ነው፤ የሌላው አገር ፍተሻ ከአሜሪካው ጋር እኩል መሆኑ ሲረጋገጥ ድጋሚው ይቀራል ማለት ነው።

እንደ መሐንዲስ አደንቀዋለሁ። በተከታታይ ያሉ ወረፋዎች መዘግየታቸው ይደመራል፤ አንዱ ላይ ብትፈጥን ሌላው ላይ ትከፍለዋለህ፤ ፓስፖርቱን ቶሎ የጨረሰ ሻንጣውን ቆሞ ይጠብቃል። መፍትሔው ሰውየውን ማሯሯጥ ሳይሆን አንዱን ወረፋ ጭራሽ ማጥፋት ነው። እንደ ልጅ ግን ቅር ይለኛል። ወረፋው የጠፋው እንግሊዝኛ ለሚያውቀው፣ ሻንጣውም ለቀለለው መንገደኛ ነው። በስልክ የሚሠራው ነጻው የሞባይል ፓስፖርት አገልግሎትም እንደዚሁ ነው፤ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ይጠቀምበታል፤ ከአዲስ አበባ በጎብኚ ቪዛ የምትመጣ እናት አትችልም። እርዳታው የሚጀምረው ከሁሉ ያነሰ ከሚያስፈልገው ሰው ነው። ይህ ተንኮል አይመስለኝም፤ ስምምነት ቀላል የሚሆነው ከለንደን ጋር ስለሆነ ነው። ግን ለአዲስ አበባም ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ካልኖረ በራሱ አይመጣም።

ከቦሌ እስከ ቢሾፍቱ

አሁን መስተዋቱን ወደ ራሳችን እናዙር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትልቅ የሆነው በሌሎች ሰዎች መሸጋገሪያ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ማለዳ የሚያርፉት ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ፤ ማታ ደግሞ የተገላቢጦሽ። ቦሌ ላይ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የምትሮጠዋ የሌጎስ ወይም የኪንሻሳ እናት ለእኛ ሠራተኞች ልክ እንደ እናቴ ናት፤ አማርኛውን አታውቀውም።

የቦሌ ከፍታ 2,334 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይቸግረዋል፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊቱ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በዓመታት ውስጥ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ሲያርፉ የኖሩት፣ ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚመጡት ስለዚህ ነው። እያንዳንዱ መካከለኛ ማረፊያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የመዘግየት ዕድል ነው።

በጥር 2026 ግንባታው የተጀመረው የቢሾፍቱ አየር ማረፊያ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ለእኛ ለሩቆቹ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በተነገረው ዕቅድ መሠረት የአገር ውስጡ በረራ ቦሌ ይቀራል፤ የውጭው ቢሾፍቱ ይሆናል፤ ሁለቱን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መስመር ያገናኛቸዋል። እንግዲህ ከዳላስ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላሊበላ የምንሄድ ሰዎች መሸጋገሪያችን በሁለት አየር ማረፊያ መካከል ሊሆን ነው። ሻንጣውን ማን ይወስደዋል? ባቡሩ ከአየር ማረፊያው ጋር አብሮ ይደርሳል ወይስ ከዓመታት በኋላ? ፍተሻው አንድ ነው ሁለት? መሬታቸውን ለቀው የሚነሡ ገበሬዎች ያሉበት ሥራ ነውና ጥያቄው ሁሉ ከወዲሁ በጨዋነት ሊነሣ ይገባል። ወረቀት ላይ እያለ መስመር ማረም በእርሳስ ነው፤ ከተሠራ በኋላ በድማሚት ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለወላጅ ሁለት ቲኬት አትግዙ። የሚተርፈው ገንዘብ የእናንተ ነው፤ የሚያድረው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ዳላስ ላይ ለምንኖር የሚቻል ከሆነ የአሜሪካን ድንበር የጉዞው መጨረሻ አድርጉት። ኤምሬትስ በ2012፣ ኳታር በ2014፣ ተርኪሽ በ2021 ወደ ዳላስ መብረር ጀመሩ፤ ሉፍታንዛም ከፍራንክፈርት ይመጣል። በዚህ መንገድ ሻንጣው በቀጥታ ዳላስ ይደርሳል፤ የፓስፖርት ወረፋው ሁለት ሰዓት ቢፈጅም ከዚያ በኋላ የሚያመልጥ በረራ የለም፤ ልጇ ውጭ ቆሟል። በራሳችን አየር መንገድ ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ማረፍም የራሱ ጥቅም አለው፤ ረጅሙን መንገድ በአማርኛ ትሄዳለች። ያን ከመረጣችሁ ግን በአንድ ቲኬት፣ ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት ይሁን። የዕለቱን ዜናም አትርሱ፤ በሰኔ 2025 የኳታር አየር ክልል ለሰዓታት ተዘግቶ ነበር፤ በኅዳር 2025 ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት መዘጋት ምክንያት ዳላስን ጨምሮ በ40 አየር ማረፊያዎች በረራ ተቀንሶ ነበር።

ሦስተኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ስጧት፤ ስሟ፣ የበረራ ቁጥሯ፣ የእናንተ ስልክ፣ የያዘችው ምግብ ዝርዝር ይኑርበት። ስልክ ይሞታል፤ ወረቀት አይሞትም።

እናቴ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረሰች። ወደ ሳክሲ ስንነዳ መንገዱን ሁሉ ስለዚያች ልጅ አወራችኝ፤ ስለ ወንበሩ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ገብታ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ፣ «ለመሆኑ ለምን በሁለት ቲኬት አደረግኸው?» አለችኝ። ሊረክስ ብሎ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ልጄ፣ ቸኮልክ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከዚያ ሁሉ ትምህርት በኋላ፣ የምመልሰው አልነበረኝም።

መንገደኛ ያላችሁ ሁሉ፣ በሰላም ይግባላችሁ። ቸር ይግጠመን።